ሼናንዶዋ በነሐሴ፦ ከልጆችና ከእናት ጋር ኦልድ ራግ ይወጣል?

የኢንተርኔቱ የጥያቄና መልስ ክር ረዝሟል። ስልክ ላይ ሆናችሁ ሁሉንም ማንበብ ለሰለቻችሁ፣ ቁም ነገሩንም ቁም ነገር ያልሆነውንም በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

ጥያቄውን የከፈተችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆነው ቨርጂኒያ ወዳለው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ተነጋግረዋል። ያሰቡት ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ ነው። የባሏ የሥራ ባልደረባ ጫፉ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ አሳይቷት፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ተራራ አልታይ ብሏታል። ልጆቿ የስድስትና የአስር ዓመት ናቸው። እናቷ ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር መጥተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቤት ይዋሉ ቢሏቸው ግን አይሰሙም። ልጆቹ ይችሉት እንደሆነ፣ እናቷ የት ሊውሉ እንደሚችሉ፣ ምን ስንቅ እንደሚያዝ፣ ማደር ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ድብ አለ የሚባለው እውነት ነው ወይ የሚል ጨመረች። እንደ ቀልድ አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ግን ዋናው ጥያቄዋ እሱ ይመስለኛል።

ምላሽ 1። የአሌክሳንድሪያ ሰው ነው፣ ጨዋ። እንኳን አሰባችሁት ብሎ ጀመረ። ከዲሲ 66 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ፣ የፓርኩ ሰሜናዊ መግቢያ እስካለበት ፍሮንት ሮያል ድረስ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ እንደሆነ ነገራት። መግቢያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። የሚከፈለው በመኪና እንጂ በሰው ስላልሆነ ተጠጋግቶ መሄድ ያዋጣል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ግን ስካይላይን ድራይቭን ይዘው ሲነዱ ኦልድ ራግን ምልክቱ እንደሚያሳያቸው ጨመረ። ጣጣውን ያመጣው ይሄ ነው።

ምላሽ 2። ቶሎ መጥቶ አረመው፣ ግን በትህትና። ስካይላይን ድራይቭ በተራሮቹ ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው። ኦልድ ራግ ደግሞ ከዋናው ሰንሰለት ተነጥሎ በስተምሥራቅ የቆመ ተራራ ነው። ከስካይላይን በመኪና ወደ እሱ የሚያደርስ መንገድ የለም። በፍሮንት ሮያል የገባ ሰው ተራራውን ከሩቅ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። የእግር ጉዞው መነሻ ስፔሪቪል በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል፣ በገጠር መንገድ ነው የሚገባበት። ሁለተኛው ነገር ትኬት ነው። ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ኦልድ ራግ ለመውጣት ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ሌላ የቀን ትኬት ያስፈልጋል። በቀን 800 ብቻ ነው የሚሸጠው። ግማሹ ከ30 ቀን በፊት፣ ግማሹ ከ5 ቀን በፊት በኢንተርኔት ይለቀቃል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ችግሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ቶሎ ማለቁ ነው። መነሻው ላይ ስልክ ስለማይሠራ ቤት ሆኖ ገዝቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ እንዳለባት አስጠነቀቃት። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

ምላሽ 3። ቁጥር 1 ተመልሶ አመሰገነ። ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ ሲያየው በዚያው የሚወረድ መስሎት ነበር።

ምላሽ 4። የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ኦልድ ራግን ወጥታዋለች። የስድስት ዓመቱን ልጅ በፍጹም እንዳትወስደው መከረቻት። ዙሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ አለው፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። እሱስ ይሁን፣ የሚያስቸግረው ጫፉ አካባቢ ያለው ቋጥኝ ነው ትላለች። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ድንጋይ ተጠጋግቶ፣ በመካከሉ በጎን ካልሆነ የማይታለፍ ስንጥቅ አለ። ቦርሳውን አውልቆ ከፊት ላለው ማቀበል ግድ ነው። ባሏ አንድ ጉልበቱን ድንጋዩ ላይ ተክሎ፣ እሷ ጭኑን ረግጣ ነው የወጣችው። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፤ ለመፍራትም ጊዜ አልሰጧትም። ለልጆች ስቶኒ ማን የሚባለውን መረጠችላት። ስካይላይን ድራይቭ ላይ ስካይላንድ የሚባለው ማረፊያ አጠገብ ነው፣ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል፣ ጫፉ ላይ ሸለቆው በሙሉ ይታያል።

ምላሽ 5። ስለ እናትየው የጻፈው ይህ ብቻ ነው፤ ለዚህ ብቻ ቢመሰገን አይበዛበትም። ሊምበርሎስት የሚባል መንገድ አለ። ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይሄድበታል፣ አግዳሚ ወንበርም አለው። የራሱን አባት እዚያ ወስዷቸው፣ አጋዘን በቅርብ አይተው ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ እንዳትወስዳቸው ግን አስጠነቀቃት። አጭር ነው ተብሎ ሁሉም ይሄድበታል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ግን ዳገት ብቻ ነው፤ የታመመ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለቱንም አይወድም።

ምላሽ 6። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ኦልድ ራግን ተራራ ማለት ስድብ ነው ባይ ነው። ቁመቱ 1,000 ሜትር ገደማ። የፓርኩ ትልቁ የሚባለው ሃክስቢል 1,235 ሜትር። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ላይ ነው ያለችው፤ እንጦጦ ወደ 3,200 ይጠጋል። ስለዚህ መርካቶ ዕቃ ተሸክሞ የዋለ ሰው ከነዚህ ኮረብታዎች ሁሉ በላይ ነው የዋለው። ፈረንጅ ያጋነነውን እኛ ለምን እናጋንናለን፣ ልጆቹም የሀበሻ ልጆች ናቸው፣ ይወጡታል ሲል ደመደመ። ብዙ ሰው የሳቀ ምልክት ሰጥቶታል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ነው ያልተያያዘው።

ምላሽ 7። ነርስ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠራው። ሳትቆጣ ጀምራ ተቆጥታ ጨረሰች። ከፍታ አይደለም ችግሩ፣ ወበቁ ነው ትላለች። የቨርጂኒያ ነሐሴ የአዲስ አበባ ነሐሴ አይደለም። እዚያ ሲወጣ ይበርደዋል፣ እዚህ ላቡ አይደርቅለትም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ላቡ በከንቱ ይፈሳል። እኔ ደገኛ ነኝ፣ አይደክመኝም ያለ ጎረምሳ በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ወጥቶ፣ ስሙን መናገር አቅቶት እሷ ዘንድ መጥቶ ያውቃል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር፣ ለነሐሴ ሦስት፤ ጨው ያለው ነገር አብሮ። ኦልድ ራግ ላይ ሰው ተሸክሞ ለማውረድ የሚወጡት የፓርኩ ሠራተኞች መሆናቸውን አስታውሳ፣ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ጀብደኛ መሆን ቀላል ነው በሚል ቋጨችው።

ምላሽ 8። ቁጥር 6 ተመለሰ። አሁን የሰሜን ተራሮችን ስካውቶች፣ ማለትም የታጠቁትን የፓርክ ጠባቂዎች አመጣ። ኮንጎ ጫማ አድርገው፣ ክላሽ አንግተው፣ ትንሽ እፍኝ ቆሎ ይዘው አራት ሺህ ሜትር የሚወጡትን ሰዎች ስታይ የእዚህ አገር ሰው ሦስት መቶ ዶላር ጫማ ያስቅሃል ይላል። የነርሷን ምክር ማስፈራሪያ ነው አለው። በውስጡ አንድ ቃል ነበረች፣ አድሚኑ በኋላ ያጠፋት፤ እኔም አልደግማትም።

ምላሽ 9። ሰሜን ተራሮች አጠገብ ባለችው ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ስካውቶቹን በስም ሳይቀር ያውቃቸዋል፤ ለዚያም ነው መሰለኝ ሳይቸኩል የጻፈው። ስካውት የሚወጣው ተወልዶ ያደገበትን ተራራ ነው፣ እርምጃውንም ያውቀዋል፣ እዚያው ተራራ ላይ ሳንቃበር በሚባለው ካምፕ ደግሞ ቀትርም ቢሆን አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ያንኑ ሰው ነሐሴ ላይ ቨርጂኒያ አምጥተህ ስድስት ሰዓት ላይ ቋጥኝ ላይ ብትሰቅለው እሱም ውሃ ይጠይቅሃል። ኮንጎ የሚያደርገው ስለሚበልጥ ሳይሆን ሌላ ስለሌለው እንደሆነም አስታወሰ። ከዚህ በኋላ ቁጥር 6 ስለ ከፍታ አልጻፈም።

ምላሽ 10። አንዲት እናት ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደችው። ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ እንደሚውል ማንም ልብ አላለውም። ነሐሴ 1 እዚህ ኦገስት 7 ነው፣ ጾሙ እስከ ነሐሴ 15 ይዘልቃል። ስንቁ ከዚያ ጋር መታሰብ አለበት፤ ልጆቹም ብዙዎቹ ፍልሰታን ይጾማሉ።

ምላሽ 11። ከሰዓት በፊት ሳይበሉና ውሃ ሳይጠጡ ዳገት መውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ወይ ጉዞው ወይ ጾሙ ይቅር የሚል ነው። ድርቅ ያለ አጻጻፍ ነው።

ምላሽ 12። ለሱ መልስ ነው። ጉዳዩ የግል እንደሆነ፣ የንስሐ አባትን መጠየቅ እንደሚቻል፣ ካልሆነም ጉዞውን ከኦገስት 22 በኋላ ማድረግ ቀላል መፍትሔ እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚረሳውን ስንቅ አነሳ፦ በሶ። አይበላሽም፣ አይቀልጥም፣ አይከብድም፣ ይጾማል። በውሃና በትንሽ ጨው ተለውሶ ጭብጦ ሆኖ በፌስታል ይያዛል፤ ማር የሚጨምር ይጨምራል። በየሱቁ በሦስት ዶላር የሚሸጠው የኃይል ብስኩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ከ13 እስከ 16 የምግብ ወሬ ነው። አንዷ ዳቦ ቆሎ ላይ በርበሬ ይግባ አይግባ ስትል ሌላዋ አይገባም አለች። አንዱ በሶ ሆድ እንደሚነፋ ጻፈ። አንዱ ደግሞ ለጾሙ ደንታ የሌለው ይመስላል፤ ክትፎ በበረዶ ሳጥን ይዞ መሄድ ምን ችግር አለው ብሎ ጠየቀ። እንዲህ አድርጎ ነው ወሬው ወደ ድብ የተመለሰው።

ምላሽ 17። አንድ የስፕሪንግፊልድ ሰው ታሪክ አመጣ። ወዳጆቹ ሽርሽር ቦታ ላይ ሳጥኑን ክፍት ትተው ፎቶ ሊነሱ ዞር ሲሉ፣ ጥቁር ድብ መጥቶ ክትፎውን ከነሚጥሚጣው ጨርሶ ሄደ። እንጀራውን አልነካውም።

ምላሽ 18። እንጀራውን ያለመንካቱ ነገር አልተዋጠለትም። ቁጥር 17 እዚያ እንደነበረ ወይስ እንደሰማ ጠየቀ። መልስ አላገኘም፣ እስከ ክሩ መጨረሻም አላገኘም።

ምላሽ 19። እንደገና ቁጥር 2 ነው፣ በቁም ነገር። ጥቁር ድብ ሼናንዶዋ ውስጥ በብዛት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያይ ይሸሻል። ሲታይ መሮጥ አያስፈልግም፤ ልጆችን ወደ ራስ ሰብስቦ፣ እየተናገሩ ወደ ኋላ መራቅ ነው። ለፎቶ መጠጋት የሞኝ ሥራ ነው። አደጋ የሚሆነው የሰው ምግብ የለመደው ድብ ስለሆነ ምግብን ጥሎ መሄድ ያስቀጣል። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የእጅ ቅባት ሳይቀር የተዘጋ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። በተለይ የሀበሻ ሳጥን ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ ንጥር ቅቤ የድብ አፍንጫ አይስተውም።

ምላሽ 20። የጀበና ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ቡና ይቆላ ወይስ አይቆላም? ጠያቂዋ ከሰልና ማንደጃ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች።

ምላሽ 21። መለሰላት። በሽርሽር ቦታዎች ፓርኩ ራሱ የሠራቸው የብረት ምድጃዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል። መሬት ላይ እሳት ማንደድ ግን አይቻልም። የማገዶ እንጨት ከቤት ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ምክንያቱ የሚገርም ነው፦ በእንጨቱ ውስጥ ተደብቀው የሚገቡ ነፍሳት የፓርኩን ዛፎች ስለፈጁ ነው። በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ያለው እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለ ጭሱ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ፈረንጅ ምን እንደሚል አልጻፈም። ከልምዴ፣ ሲኒ ከሰጡት ምንም አይልም።

ምላሽ 22። ስለ ገንዘብ ነው፣ ጠቃሚ ነው። የአስር ዓመቱ ልጅ አራተኛ ክፍልን ጨርሶ ከሆነ፣ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ ነጻ መግቢያ አለ፣ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ ይባላል። እስከ ኦገስት 31 ያገለግላል፣ አብሮት በመኪናው ያለውን ቤተሰብም ያስገባል። በኢንተርኔት ተሞልቶ ነው የሚገኘው። 62 ዓመት ለሞላቸው ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ደግሞ የዕድሜ ልክ ፓስ በ80 ዶላር አለ። ለጉብኝት የመጡት እናት ይሄ አይመለከታቸውም፤ ግን ክፍያው በመኪና ስለሆነ ምንም አይቀርባቸውም።

ምላሽ 23። ጠያቂዋ ገባች፣ ልጁ አራተኛ ክፍልን ሰኔ ላይ እንደጨረሰ በደስታ አሳወቀች። ስለ ድቡ ግን ባሏ ማንበብ እንዳቆመ ጨመረች።

ምላሽ 24። ነርሷ እንደገና። ሁሉም ሰው ስለ ድብ ሲያወራ ማንም ስለ መዥገር አለመናገሩ ገርሟታል። ድብ ነክሶት የመጣ ሰው አይታ አታውቅም፤ መዥገር ነክሶት የመጣ ግን ሞልቷል። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ መዥገር ስታድግ ራሱ የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች፤ ልጅነቷ ላይማ ከዚያም ታንሳለች። የራሷ ልጅ ነጭ ካልሲ ላይ ስትሄድ አይታ ነው ያወቀቻት፤ ካልሲው ጥቁር ቢሆን ኖሮ አትታይም ነበር። ስለዚህ ነጭ ካልሲ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ መክተት። ልብስ ላይ የሚረጭ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት ማጥፊያ አለ፤ ቆዳ ላይ አይደረግም። ማታ ቤት ሲገባ የልጆቹን ብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የጉልበት እጥፋት፣ የፀጉር ሥር ማየት። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ካለች ፀጉሯን በመስመር በመስመር መፈተሽ ነው። ከተገኘች በጠባብ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ክብሪትም ቅባትም አያስፈልግም።

ምላሽ 25። ሦስት ቅጠል አንድ ላይ የያዘውን፣ ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ አትንኩ ይላል። በቃ።

ምላሽ 26። ይሄኛው ወደ ታሪክ ገባ፣ ረጅም ነው። ፓርኩ በ1935 ሲመሠረት ባዶ ጫካ አልነበረም። ቨርጂኒያ በ1928 ባወጣችው ሕግ የተራራው ነዋሪዎች መሬት ተወስዶ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ለቀዋል። ዛሬም መንገድ ዳር የጭስ ማውጫ ድንጋይና የቤተሰብ መቃብር ይታያል። ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ካምፕ ደግሞ በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተለየ ነበር፣ መለያየቱ እስከ 1950 ገደማ ዘልቋል። ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ይሄንንም እናሳያቸው አለ።

ምላሽ 27። ሽርሽር ላይ ፖለቲካ ምን አመጣው በሚል ተናደደ። አንድ መስመር ናት፣ ሦስት ቃለ አጋኖ አላት።

ምላሽ 28። የደባርቁ ሰው መለሰለት፣ ሳይሰድበው። የግጭ መንደር ሰዎች ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ከተማ የሰፈሩት በ2016 በፈረንጆች ነው። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። ለዋልያው ጥሩ ሆነ፤ ለሰዎቹ ግን እንደየሰዉ ነው። የሼናንዶዋን የጭስ ማውጫዎች ሲያይ የሚያስበው እነሱን ነው፣ ስለዚህ ፖለቲካ አይደለም፣ ዘመድ ነው አለ። ቁጥር 27 ዝም አለ። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ የቀረልኝ ይሄ ነው።

ምላሽ 29። የደባርቅን ስም ሲያይ አንድ የዴንቨር ሰው ዘሎ ገባ። ጁላይ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ኢትዮጵያ ይሄዳል፤ ሰሜን ተራሮችን በዚያው ማየት ይሻላል ወይ?

ምላሽ 30። ጁላይ ላይ የምታየው ጭጋግ ነው የሚል መልስ አገኘ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ከገደሉ አፋፍ ቆመህ ጥጥ ታያለህ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በላይ ግን ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው በየዕለቱ ሳይጠይቁ ልጅ ይዞ መንቀሳቀስ አይሆንም።

ምላሽ 31። ባሌን ሐሳብ አቀረበ። ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በመኪና መስኮት ይታያል። ቱሉ ዲምቱ የሚባለው የተራራው ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፣ እዚያ ላይ ያ ቁጥር 6 ቢወጣ ደስ ይለዋል። ፓርኩን በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ዝናቡ ግን ጁላይ ላይ እዚያም አለ፤ ቦት ጫማ ይያዝ።

ምላሽ 32። አድሚኑ ነው። የኢትዮጵያውን በሌላ ክር እንዲቀጥሉ ጠየቀ፣ የጠፋችውን ቃል አስታወሰ።

ምላሽ 33። ስለ ሰዓት። ባለፈው ቡድኑን የሰበሰበ ሰው መነሻ 2 ሰዓት ብሎ ጻፈ። ግማሹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መጥቶ ጠበቀ፤ ግማሹ በእዚህ አገር አቆጣጠር ከሰዓት ሁለት ላይ ምሳውን በልቶ ደረሰ። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚመጣ ባዶ ቋጥኝ ላይ መገኘት ጥሩ አይደለም፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደግሞ የፍሮንት ሮያል መግቢያ ሰልፉ ረጅም ነው። ስለዚህ ኤኤም ተብሎ ይጻፍ፣ የዘገየ በራሱ መኪና ይምጣ።

ምላሽ 34። በዚህ ላይ አንድ የሌሊት ሠራተኛ ቅሬታውን አሰማ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት የሚባለው ዓርብ ሌሊት የሚሠራውን ሰው እንደማያስብ ተናገረ። ልክ ነው፤ ከመካከላችን ስንቱ ነው ሌሊት የሚሠራው። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ቢሆን ትኬትም ይገኛል፣ ሰውም አይበዛም።

ምላሽ 35። ሳይተኛ መኪና እንዳይዝ ለመነው። ስካይላይን ጠመዝማዛ ነው፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ነው፣ ያ ዝግታ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል፤ አጋዘን ደግሞ ድንገት ይሻገራል።

ምላሽ 36። ማደርን በተመለከተ የመጣ ብቸኛ መልስ ነው። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የፓርኩ ካምፕ የሚያዘው ወራት ቀደም ብሎ ነው፣ ለነሐሴ ቅዳሜ አሁን መፈለግ ድካም ነው። ሰው ከሰረዘ ግን በመሃል ሳምንት ይገኛል። ኦገስት 12 እና 13 ሌሊት ፐርሴይድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ወቅት ነው፣ ቢግ ሜዶውስ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ሰማዩ ይታያል። ለልጆች ከኦልድ ራግ ይሻላል የሚለው የራሱ አስተያየት ነው።

ምላሽ 37። ጠያቂዋ ውሳኔዋን ጻፈች። ጉዞው ከፍልሰታ በኋላ፣ በኦገስት የመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ሆነ፤ የልጁ ነጻ መግቢያም ሳያልፍበት። ለሁለት ይከፈላሉ። ኦልድ ራግን የሚፈልጉ አዋቂዎች ትኬታቸውን ራሳቸው ገዝተው በስፔሪቪል በኩል 6 ኤኤም ላይ ይደርሳሉ፤ ባሏ ከነሱ ጋር ነው። እሷ ልጆቹንና እናቷን ይዛ በስካይላይን በኩል ስቶኒ ማንና ሊምበርሎስት ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቢግ ሜዶውስ ይገናኛሉ። ስልክ ስለማይሠራ የሚገናኙበት ጠረጴዛ ሽርሽር ቦታው መግቢያ አጠገብ ያለው ነው፤ እስከ 5 ፒኤም ያልመጣ ካለ ለሬንጀር፣ ለፓርኩ ጠባቂ፣ ይነገራል።

ምላሽ 38። ቁጥር 6 ነው። ከኦልድ ራግ ቡድን ጋር መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ አራት ሊትር ውሃ እንደሚይዝም ጻፈ።

ምላሽ 39። ነርሷ ፈቀደችለት። እሷም ከዚያው ቡድን ናት።

ምላሽ 40። በሶውን ማን ይፈጫል የሚል ነው። እስካሁን አልተመለሰም፤ ከፎልስ ቸርች የሚነሳው መኪና ላይ ግን ሁለት ቦታ አለ።